ሁለት ጥርስና አንድ አውራ ዶሮ

ግንቦት 20፣ ሐሙስ

ዘንድሮ ነገር ስለተደራረበ ልጽፈው ወሰንኩ። ባለቤቴ ሜሬኦኒም «ወሬህን ለደብተር ንገርና እኔን አሳርፈኝ» ብላለች።

የእህቴ ልጅ ኔማኒ በክፍለ ሀገራችን የራግቢ ቡድን ውስጥ ከግፊያው ኋላ ቆሞ ኳሷን ይዞ የሚወጣው ነው። በቦክስ ደግሞ የፊጂ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነው፤ ቀበቶውን ከያዘ ሁለት ዓመቱ። ሌላ ጊዜ ራግቢው ሲያልቅ ቦክሱ ይጀምር ነበር። ዘንድሮ የሱቫ ሰዎች ሳይመካከሩ ቀሩና የዋንጫው ፍጻሜ ሐምሌ መጨረሻ፣ የቀበቶው ግጥሚያ ደግሞ በሳምንቱ አርብ ላይ ወደቀ። ሰፈሩ ሁሉ «ዘንድሮ የእናንተ ነው» እያለ ጀርባዬን ይመታል። የምደበደበው እኔ ሆንኩ።

የቦክስ አሰልጣኙ እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ወደብ ላይ ጭነት አወርድ በነበረ ጊዜ አንድ መርከበኛ ጥሎት ከሄደ ገጾቹ የጎደሉ መጽሐፍ ነው የተማርኩት። የጎደለው ስለ መከላከል የሚያስተምረው ምዕራፍ ነበር። ተማሪዎቼ ሁሉ ማጥቃት የሚወዱት ለዚህ ነው።

ዛሬ ጠዋት ኔማኒ መጥቶ አዲሱን ጫማዬን አድርጎ ሄደ። ባለፈው ሳምንት የእሑድ ሸሚዜን፣ ከዚያ በፊት መቅዘፊያዬን። የእህት ልጅ ነዋ! ከእናቱ ወንድም ቤት ዓይኑ ያረፈበትን ያነሳል፣ አይጠይቅም፣ አያመሰግንም። አጎት ፊቱን ቢያጨማድድ ነውሩ የአጎት ነው። እኔ ፊቴን የማጨማድደው እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ሲወጣ አውራ ዶሮዬን አየው። ዶሮውን ዳኛ ብዬዋለሁ፤ ያለ ጊዜው ይጮሃል፣ ጥፋት ያልሠራውን ያባርራል።

«ይሄን ዳኛ አንድ ቀን እበላዋለሁ» አለ።

«ዳኛ የበላ ተጫዋች እስከ ዛሬ አልተፈጠረም።»

«ዳኛ ደብድቦ ከሜዳ የተባረረ አጎት ግን ተፈጥሯል» አለና ሄደ። አፉ ከእጁ ይፈጥናል። እጁም ፈጣን ነው።

ግንቦት 27፣ ሐሙስ

ዛሬ ሞኝነት ሠርቻለሁ።

ማታ ያንጎናችንን፣ ያንን ከሥር የሚበጠበጥ የሚያደነዝዝ መጠጥ፣ በጥብጠን፣ ጎረቤቶች ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተን ተቀምጠን ሳለ ኔማኒ ገባ። አጎንብሶ፣ በእጁ የዓሣ ነባሪ ጥርስ ይዞ። እኛ ዘንድ ትልቅ ልመና የሚቀርበው በእሱ ነው። ናውሶሪ ከተማ የወደዳት ነርስ አለች፣ የእሷ ጉዳይ ነው አልኩ። ወደ ዘመዶቿ ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ ሊለኝ ነው። ተንበርክኮ ንግግሩን ጀመረ፤ ስለ ነገዳችን፣ ስለ እናቱ፣ ስለ እኔ። ረዘመብኝ። እኔ ደግሞ ውስጤ ቀልድ እየበሰለ ነበር። ንግግሩን ሳያበቃ እጄን ዘረጋሁና ጥርሱን ከእጁ መንጭቄ፣

«ተቀብያለሁ! ለልጅቷ ግን አዝናለሁ!» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም። እዚያው እንደተንበረከከ ንግግሩን ጨረሰ።

«አጎቴ፣ ልመናዬ ይህ ነው። በቀበቶው ቀን ሪንግ ውስጥ ምንም ቢመጣ፣ ምንም፣ ተሸንፏል ብለህ ፎጣ እንዳትወረውርብኝ።»

አምና ሱቫ ላይ ቀበቶ በሌለው ግጥሚያ ቅንድቡ ሲሰነጠቅ ግጥሚያውን ላስቆም ወርውሬበት ነበር። እስከ ዛሬ ውስጡ እንዳለ አላውቅም ነበር።

ጥርሱ እጄ ውስጥ ነው። እጅ ውስጥ የገባ ጥርስ አይመለስም። የማይፈልግ ሰው እስከ መጨረሻው ሰምቶ እጁን ይሰበስባል፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን መንጭቄ ወሰድኩ። ሜሬኦኒ ያንጎናውን እየቀዳች አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ባለቤቴ ምንም ካላለች ነገሩ ከባድ ነው።

ይሁን። እሱ ይመታል እንጂ እሱን የሚመታ አይመጣም።

ሰኔ 6፣ ቅዳሜ

አሸነፍን። ኔማኒ አንድ ግንድ የሚያህል ሰው ጠልፎ ሲጥል የሰውየው ጉልበት ጆሮ ግንዱን አገኘው። ወደቀ። ውሃ አፈሰሱበት። ሲነሳ ሕዝቡ አበደ። እስከ መጨረሻው ተጫወተ።

ማታ እኔ ቤት ነበርን። የቡድኑ አለቃ አንድ ጊዜ የወንዙን ታንኳ በተቃራኒው እየቀዘፈ ወዴት እንደደረሰ አወራሁ። ሁሉም ሳቀ። ሳቁ አልቆ፣ የያንጎናው ጽዋ ዞሮ፣ ሌላ ሰው ጣሮ ስለሚባለው ሥር ዋጋ ሲያወራ ኔማኒ ሳቀ። ብቻውን።

ያንጎናው ነው። የዘንድሮው ከታቬኡኒ ደሴት የመጣ ነው፤ ከንፈር ያደነዝዛል።

ሰኔ 8፣ ሰኞ

እህቴ ኡናይሲ ባለቤቴን ልትጠይቅ መጥታ ማእድ ቤት ተቀመጠች። እኔና እህቴ ፊት ለፊት አንነጋገርም። ተጣልተን አይደለም፤ ወንድምና እህት ስለሆንን ነው። ካደግን ወዲህ አንዳችን ሌላውን በስም ጠርተን አናውቅም፤ ክብር ነው። ስለዚህ እኔ በረንዳ ላይ መረብ ስጠግን እሷ ለድስቱ ታወራለች፣ ጮክ ብላ።

«አንቺ ድስት» አለች፣ «ልጄ ትናንት ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩን ዘምሮ ሲያበቃ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረው። ሰው ሁሉ ተቀምጦ እሱ ብቻውን ቆሞ።»

ሜሬኦኒ «እህ» አለች።

እኔ ውሻዬን ጠራሁ። «አንተ ውሻ! መዝሙሩ ጣፍጦት ነው በላት። የአባቱ ቤተሰብ ድምፅ ስለሌለው ዕድሉን ሲያገኝ አይለቅም።»

«አንቺ ድስት» አለች እህቴ፣ «ውሻ ሁልጊዜ እንደ ጌታው ነው በይው። ሲፈራ ይጮሃል።»

ለድስት መልስ መስጠት ከባድ ነው።

ሰኔ 17፣ ረቡዕ

ዝናብ። ልምምድ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ባለው መጋዘን። ግራ እጁ ይወርዳል። «እጅህን!» ስለው ያነሳል፤ ወዲያው ይወርዳል። ጮህኩበት፣ ሰደብኩት። መልሶ አልሰደበኝም።

ራግቢው አድክሞት ነው።

ሰኔ 20፣ ቅዳሜ

ናውሶሪ ገበያ ኦሴያን አገኘሁት። ኔማኒን የሚገጥመውን ቦክሰኛ የሚያሠለጥነው እሱ ነው። የደሴት ሰው ነው፤ የእነሱ አገርና የእኛ አገር ከአያት ቅድመ አያት መሰዳደብ የተፈቀደላቸው ናቸው። ሳንሳደብ ከተለያየን አንዳችን ታሟል ማለት ነው።

«አንተ የጭቃ ሸርጣን!» አለኝ ከዓሣ ሻጮቹ መካከል። «ገና አልታረድክም?»

«አንተን እየጠበቅሁ ነው፣ አንተ ትል የበላው ካሳቫ። ልጅህ መውደቅ ተለማመደ?»

«መውደቁን ተወው፤ ያንተው ልጅ ላይ ሲወድቅ እንዳይሰብረው ነው የምፈራው። ደግሞ የሱሪህ ቁልፍ ተከፍቷል፣ የእኛ ዓሦች እንዳይነክሱህ።»

ከፊቱ የነበረውን ፓፓያ አንስቼ ሄድኩ። እሱ ቆቤን ወሰደ። መልካም ቀን ነበር።

ሰኔ 25፣ ሐሙስ

ኔማኒ ለቁርስ መጣ። ዳኛው ጮኸ። እኔ፣ እንዲያው ጨዋታ ለማምጣት፣ «ዳኛ የበላ ተጫዋች እስከ ዛሬ አልተፈጠረም» አልኩ።

«የምን ዳኛ?» አለኝ።

ጣቴን ወደ ዶሮው ቀሰርኩ። አየው። «ጥሩ ዶሮ ነው» አለ።

ሻዩ ውስጥ ስኳር ጨመረ። ቆየና እንደገና ጨመረ። ሜሬኦኒ ስኳሩን ከፊቱ አነሳችው። እኔ ስለ አየሩ አወራሁ።

አንዳንድ ቀልድ ሲደጋገም ይሞታል። አዲስ ማምጣት አለብኝ።

ሐምሌ 4፣ ቅዳሜ

ግማሽ ፍጻሜ። አሸነፍን።

በእረፍት ሰዓት ሁለቱ ቡድኖች ክብ ክብ ሠርተው ብርቱካን ይበሉ ነበር። ኔማኒ ሜዳውን አቋርጦ ሄደና ከተጋጣሚዎቻችን ክብ ውስጥ ተቀመጠ። ከሣህናቸው ብርቱካን አንስቶ ላጠ። የራሱ ቤት እንደገባ ሰው። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው አዩት። ከዚያ ሜዳው ዙሪያ ያለው ሕዝብ ሳቅ ጀመረ። ሴቶቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

የቡድናችን አለቃ ወደ እኔ ዞረ፤ አልሳቀም። «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አልኩ። «ብርቱካናቸውን ሰርቀህ ና ብዬው ነው።»

ወዲያው አመነኝ። ሁሉም አመነኝ። እኔን የሚያውቅ ሰው እንዴት አያምን? አንድ ጊዜ የዳኛውን ፊሽካ በማር ደፍኜ አላውቅምን? «የኬሊ ሥራ ነው፣ የኬሊ ሥራ ነው» ሲሉ (ኢሲኬሊን አሳጥረው እንዲህ ይሉኛል) ወሬው ሜዳውን ዞረ። ሄጄ እጁን ይዤ አመጣሁት። እየሄድን ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣

«በእውነት አንተ ነህ የላክኸኝ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

ከጨዋታው በኋላ ኦሴያ ከሕዝቡ መካከል ወጥቶ መጣ። ስድቤን አዘጋጅቼ ጠበቅሁት። እጄን ጨበጠኝ። «ደህና ዋል፣ ወንድሜ» ብሎኝ ሄደ። ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም። ምን አድርጌው ነው?

አሁን ሁሉም ተኝቷል፤ እኔ ያቺን «አዎ» እያመነዠግሁ ነው። ምን ማለት ነበረብኝ? የሕዝብ ፊት ነበር። ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይል ነበር?

ሐምሌ 6፣ ሰኞ

«አንቺ ድስት፣ ልጄን ለብርቱካኑ የላከው እሱ ከሆነ ደስ ብሎኛል በይው። እውነት እሱ ከሆነ።»

ውሻውን አልጠራሁትም።

ሐምሌ 15፣ ረቡዕ

ጥሩ ልምምድ። ግራ እጁ አልወረደም። እንደ ድሮው። ለሜሬኦኒ ነገርኳት፤ ሁለት ጊዜ ነገርኳት። «ሰማሁ እኮ» አለች።

ሐምሌ 17፣ አርብ

ግራ እጁ ወረደ። አብሮት የሚለማመደው ልጅ ቀስ ብሎ ነካው፤ እንደ ዝንብ። ኔማኒ ተቀመጠ። «ተንሸራተትኩ» አለ። ወለሉ ደረቅ ነው።

«አዎ፣ ውሃ አለ» አልኩ እኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ቤት ገብቼ ጥርሱን ከተሰቀለበት አውርጄ አየሁት። ትልቅ ነው፤ በዘይት ታሽቶ ማር የመሰለ። የአባቱ ነው። ሌላ ጥርስ የለውም። ያለውን አንድ ጥርስ ነው ለዚህ ያወጣው።

ሐምሌ 25፣ ቅዳሜ

ዋንጫው የእኛ ነው!!

በመጨረሻው ደቂቃ ኔማኒ ከግፊያው ኋላ ኳሷን አነሳ፤ ሦስት ሰው ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎ መስመሩን አለፈና ኳሷን መሬት አስነካ። አሮጊቶች ሜዳ ገቡ። አለቃው አለቀሰ። እኔም ዓይኔ ውስጥ ትንሽ አቧራ ገብቶብኛል።

ምሽት። ከመንደሩ መሬት ውስጥ ከተቆፈረው ምድጃ ሁለት አሳማ ወጣ። ዘፈን፣ ጭብጨባ። ኔማኒ የክብር ቦታ ላይ የአበባ ጉንጉን አድርጎ ተቀምጧል። ቀስ ብሎ ጠራኝና ሳልቀመጥ፣

«አጎቴ፣ ማን ነው ያስቆጠረው?» አለኝ።

ሳቅሁ። ጥሩ ቀልድ ነው ብዬ እሱም እስኪስቅ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ዓይኑ አሁንም መልስ ይጠብቃል።

«አንተ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ልፈትንህ ነው» አለ። የአበባውን ጉንጉን ነካ ነካ አደረገው፣ አሁን ገና እንዳየው።

ሐምሌ 27፣ ሰኞ

እህቴ በፊት ለፊት በር መጣች። ሁልጊዜ በማእድ ቤት በኩል ነው የምትመጣው። ጥቁር ለብሳለች። ከበሩ አጠገብ፣ ከታችኛው ቦታ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ጥርስ ይዛለች። ባሏ ሲሞት የእኛ ቤት ለእነሱ ያቀረበው ጥርስ ነው፤ አውቄዋለሁ፣ እኔው ነኝ ተሸክሜ የወሰድኩት።

ደንቡ ሜሬኦኒ እንድትናገርላት ነበር። ሜሬኦኒ አፏን ከፈተች፤ ሁለት ቃል ሳትል ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እህቴ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሳ ለምንጣፉ መናገር ጀመረች።

«አንተ ምንጣፍ። አንድ ልጅ አለኝ። ማታ ማታ ስሜን ይጠይቀኛል። ቀልድ ነው ብዬ እስቃለሁ። ይህን ጥርስ ይዤ የመጣሁት አርብ ሪንግ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።»

ስሟን! እኔ ዶሮውንና ብርቱካኑን ነው የማውቀው። ይህን አላውቅም ነበር።

በዚህኛው ጥርስ ላይ እጄን አልዘረጋሁም። እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ከጨረሰችም በኋላ ቆየሁ። በአንድ በኩል የልጁ ጥርስ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ በሌላ በኩል የእናቱ ጥርስ ፊቴ ነው። ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ ሦስት ቀን ያንጎና ይጠጡበታል እንጂ አይፈርዱም። ግን ልጁ ጫማዬን የመውሰድ መብት ያገኘው ከማን ማኅፀን ወጥቶ ነው? ከእሷ አይደለም ወይ?

ምንጣፉን እያየሁ «ተቀብያለሁ» አልኩ።

ጥርሱ ከባድ ነበር። እህቴ ሦስት ጊዜ አጨብጭባ ወጣች። ማእድ ቤት ስትደርስ ነው ድምፅዋን የሰማሁት፤ ለድስት አልነበረም፣ ለማንም አልነበረም።

ሐምሌ 29፣ ረቡዕ

ሱቫ። የቦክስ ማኅበሩ ሐኪም ዘንድ። ከግጥሚያ በፊት የግድ ነው።

አውቶቡስ ውስጥ ኔማኒ «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጠየቀ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እያጠና ነበር።

ሐኪሙ ዓይኑን በባትሪ አየ፣ ጉልበቱን በመዶሻ መታ፣ በአንድ እግሩ አቆመው። «ዛሬ ምን ቀን ነው?» ሲለው ቀኑን ከነወሩ መለሰ። «ራስ ምታት?» «የለም።» «ማቅለሽለሽ?» «የለም።» ሐኪሙ እስክሪብቶውን አነሳና ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። ከድሮ ጀምሮ እዚያ ስሄድ ቀልድ እነግረዋለሁ።

«ዛሬ ምን ይዘው መጡ፣ አቶ ኢሲኬሊ?»

«የብርቱካን ወሬ አለኝ» አልኩ።

ነገርኩት። ሜዳውን፣ ክቡን፣ ሣህኑን። እየነገርኩት ፈገግ እንዳለ ነበር፤ መጨረሻውን እየጠበቀ። መጨረሻ አልነበረውም። ወሬዬን ስጨርስ ፈገግታው ቀስ በቀስ ጠፋ።

ወደ ኔማኒ ዞረ። «ለምን ነበር ወደ እነሱ የሄድከው?»

«አጎቴ ልኮኝ ነው» አለ ኔማኒ። ደረቱን ነፍቶ። እንደ እርግጠኛ ሰው።

ሁለቱም አዩኝ።

«አልላክሁትም» አልኩ።

ኔማኒ ሌላ ነገር የምጨምር መስሎት ጠበቀ። ይህ ደግሞ የጨዋታው ክፍል መስሎት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። የእኔን ጫማ ነው ያደረገው። ክሩ ታስሮ ነበር፤ ፈታና እንደገና አሰረው።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ብዙ ጠየቀን። በሰኔ ጆሮ ግንዱን ስላገኘው ጉልበት፣ ስለ መዝሙሩ፣ ስለ ስኳሩ ነገርኩት። የጠየቀውን ሁሉ መለስኩ። ለካ ሁሉንም አውቀው ነበር፤ አንድም አልረሳሁም።

ቦክስ የለም። ራግቢ የለም። «ዘንድሮ ብቻ?» አልኩት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «እስከ መጨረሻው» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ሰጠን።

በመልስ መንገድ ላይ ኔማኒ ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጠ። እኔ መጨረሻ ወንበር። ስንወርድ፣

«ጥርሴን ተቀብለህ ነበር» አለኝ።

«ተቀብዬ ነበር።»

ይኸው ነው።

ነሐሴ 1፣ አርብ

ሬዲዮ። ቀበቶው ባለቤት ስለሌለው የኦሴያ ልጅ ከሌላ ሰው ጋር ተጋጥሞ በስድስተኛው ዙር አሸነፈ። ጋዜጠኛው ስለ ኔማኒ ጠየቀው። ኦሴያ «እሱ ቀበቶውን ሳይነጠቅ ነው የወጣው፤ ይህን አብራችሁ ንገሩ» አለ።

ሬዲዮውን አጠፋሁ። ፎጣ አልወረወርኩም። የልጁን ጥርስ ቃል በቃል ጠብቄያለሁ፤ ሪንግ ውስጥ ፎጣዬን ማንም አላየም። ይህ የሚያጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

ነሐሴ 5፣ ማክሰኞ

ጫማዬ ታጥቦ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ የእሑድ ሸሚዜ፣ ተተኩሶ። መቅዘፊያዬም።

ነሐሴ 9፣ ቅዳሜ

ኔማኒ መንገድ ላይ ሲያልፍ በአጥሩ በኩል፣ «አጎቴ፣ እባክህ ውሃ ብትሰጠኝ» አለኝ።

እባክህ! ለእኔ! ሰጠሁት። «አመሰግናለሁ» ብሎ ኩባያውን በሁለት እጁ መለሰልኝ። እንዲህ የሚያደርገው ለባዕድ ሰው ነው። አዲስ ቀልድ ነበረኝ፤ ዋጥኩት።

ሜሬኦኒ ማታ «ቢሰድብህ ይሻል ነበር» አለች። ይህን ለማወቅ ሚስት አያስፈልገኝም ነበር።

ነሐሴ 12፣ ማክሰኞ

አውቶቡስ መጠበቂያ፣ የሰፈር ሰዎች፣ እኔ ከዛፉ ኋላ መኖሬን ሳያውቁ፦

«ኬሊ ጥርስ ተቀብሎ ቃሉን በላ።»

«በልጁ ቀንቶ ነው ይላሉ። ራሱ ሻምፒዮን ሆኖ ስለማያውቅ።»

«ለነገሩ ልጁም እንደ ድሮው አይደለም። ትናንት ከሱቅ የሰው ዣንጥላ ይዞ ወጣ።»

«እሱማ የአጎቱ ልማድ ነው» ብለው ሳቁ። ከዛፉ ኋላ አልወጣሁም።

ነሐሴ 16፣ ቅዳሜ

የልጁን ጥርስ ከግድግዳ አወረድኩ። ጥፋት የሠራ ሰው የሚያደርገውን ላድርግ ብዬ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ከበሩ ታች፣ ባለፈው እሷ በተቀመጠችበት ዓይነት ቦታ ተቀመጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ ለእህቴ ልጅ ተንበርክኬ፣ አጨብጭቤ፣ «ይህ ጥርስ ያንተ ነበር። ልመናህን ተቀብዬ አፈረስኩት። ጥፋቴን ይሸፍንልኝ» አልኩ። ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ።

ኔማኒ ጥርሱን አየው። እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፤ ከዚያ አልተንቀሳቀሰም።

«አጎቴ፣ ሻይ ልስጥህ?» አለኝ።

ጠጣሁ። ስኳር አልነበረውም። ጥርሱን ምንጣፉ ላይ ትቼው ወጣሁ። ከግድግዳው ማዶ እህቴ ድስት ስታጥብ ይሰማኝ ነበር፤ ለድስቱ ግን አላወራችም።

ነሐሴ 21፣ ሐሙስ

ኦሴያ ከደሴቱ ሲመለስ በቤቴ አለፈ። ቆቤን አድርጓል። አጥሩ ላይ ተደግፎ ብዙ አየኝ።

«ክፉ መስለሃል፣ አንተ የተጣለ ሸርጣን» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ፊት ከቀድሞውም ይብሳል።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። ከስድብ እንዲህ ያለ ደስታ አግኝቼ አላውቅም። ጎራዴ ዓሣ ሰጠኝ፤ መጥፎውን መርጦ።

ነሐሴ 28፣ ሐሙስ

ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ እስኪል ተኛሁ። ተነስቼ ምን እንደጎደለ አሰብኩ። ጩኸት ነው የጎደለው። ወደ ጓሮ ሄድኩ። ዳኛው የለም። ላባ፣ የተሰበረ የአጥር እንጨት፣ ጭቃው ላይ ትልቅ የባዶ እግር ዱካ። እንዲህ ያለ እግር በዚህ ወንዝ ዳር አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

«ሜሬኦኒ! ተዘረፍን!»

«ምን ተወሰደ?»

«ዶሮው!»

ከአልጋዋ ሳትነሳ «ተመስገን» አለች።

ወደ እህቴ ቤት በሩጫ ሄድኩ ማለት አልችልም፤ ጉልበቴ አይፈቅድም። በፍጥነት ሄድኩ። የተቀቀለ ዶሮ በኮኮናት ወተት ከመንገድ ይሸታል። እህቴ ከማእድ ቤት፣

«አንቺ ድስት፣ እንግዳሽ መጣ። ይግባ በይው» አለች።

ገባሁ። ጥርሱ በሩ ላይ ተሰቅሏል፤ በቀድሞ ቦታው፣ በአባቱ ምስማር ላይ። ኔማኒ ከሣህኑ ኋላ ተቀምጧል። አየኝ፣ ወደ ሣህኑ ተመለሰ። ቦታ ለቀቀልኝ፣ ተቀመጥኩ። ከዳኛው አንገቱን አወጣና ፊቴ ላይ አስቀመጠ። ጭኖቹን ለራሱ። አላመሰገነም፣ አልጠየቀም።

በላን። ስጋው ጠንካራ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ሲሮጥ የኖረ ነው። እህቴ ከውጭ ለድስቱ ስለ ጨው አወራች። ካሳቫ ተጨመረ። ኔማኒ አጥንቱን ልሶ፣ ብርሃን ላይ አድርጎ አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው። አንድ ነገር ከሩቅ የሚፈልግ ሰው ይመስል ነበር። እኔ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል።

«አጎቴ» አለ።

«አቤት።»

«ተፈጥሯል።»

«ምን?» አልኩት። አልገባኝም። የሰፈር ወሬ መስሎኝ፣ ማን ወለደ ልል ነበር። እሱ አጥንቱን ወደ እኔ ዘረጋ፤ ከንፈሩ ጥግ ላይ ያቺ የድሮዋ ነገር ነበረች። ከማእድ ቤት የእህቴ ሳቅ ተሰማ፤ እሷ ከእኔ ቀድማ ገብቷት ነበር። ከዚያ ነው የግንቦቱ ጠዋት የመጣልኝ፣ ከነዶሮው፣ «ዳኛ የበላ ተጫዋች» ከሚለው ቀልዴ ጋር።

ዛሬ ዘግይቼ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ቤት ስመለስ ጫማዬም የለም።